የቡርቃ ጉርሻ

ትርሲት ጠዋት ሥራ ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ አፍንጫዋን ማለማመድ ነበረባት። የምርምር ማዕከሉ ግምጃ ቤት ከመሬት በታች ነው። ደረጃው አልቆ የብረቱ በር ሲከፈት የረጠበ ካርቶን፣ የአይጥ ሽንትና ከሩቅ አገር ተቆፍሮ የመጣ አፈር ሽታ አንድ ላይ ተጠቅልሎ ፊቷ ላይ ይመጣል። በሩ ላይ ትንሽ ቆማ በአፏ እየተነፈሰች ትጠብቃለች፤ ከዚያ መብራቱን ታበራለች፣ ነጭ ጋዋኗን ትለብሳለች፣ ጓንቷን ታጠልቃለች፣ ወንበሯን ወደ ማይክሮስኮፑ ትስባለች። ከላይ የሰው ኮቴ፣ ከጎን የውሃ ቧንቧው ሲያንቋርር ይሰማል። ሌላ ድምፅ የለም። ይህን ፀጥታ ትወደው ነበር።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ይቸግራት ነበር። የሥነ ቁፋሮ ባለሙያ ናት ሲባል ሰው የሚጠብቀው ወርቅ ወይም የንጉሥ መቃብር ነው። እሷ የምትፈልገው ግን ሐሳብ ነው፤ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዋሻ ውስጥ እሳት ከብቦ የተቀመጠ ሰው ምን ያስብ እንደነበር። ሐሳብ አጥንት የለውም፤ ሰው ሲሞት ከሥጋው ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። እጅ የነካው ነገር ግን ይቀራል። የዛጎል ዶቃ የበሳ ሰው ሌላ ሰው እንደሚያየው ያውቅ ነበር። ድንጋይ ፈልጦ ስለት ያወጣ ሰው ስለቱን ገና ሳይፈልጠው በዓይነ ኅሊናው አይቶታል። ሙጫ ከቀይ አፈር ጋር እሳት ላይ ለውሶ ጦር ያጣበቀ ሰው ደግሞ እሳቱን፣ ሙጫውን፣ አፈሩንና ነገ የሚወጋውን እንስሳ ባንድ ጊዜ በልቡ መያዝ ነበረበት። ይህን ሁሉ ያስተማሯት ፕሮፌሰር ሲራክ ናቸው። ተማሪያቸው ከነበረች ጀምሮ የሚነግሯት አንድ ነገር ነበር፤ የእጃቸውን ሥራ ድገሚው፣ ሐሳባቸው ራሱ ይመጣል ይሏታል።

ያን ክረምት በእጇ የነበረው ሥራ ከቡርቃ ዋሻ የመጣ ነው። ዋሻው ቆላ ውስጥ፣ ገደል ሥር፣ ዝናብ የማይደርስበት ደረቅ ቦታ ላይ ያለ ነው። በውስጠኛው ግድግዳ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ ነበረ፤ ስንጥቁም ሎሚ በሚያካክሉ ጥቋቁር ነገሮች ጢም ብሎ ተጠቅጥቆ ተገኘ። በጋውን ሙሉ አንድ በአንድ እየፈለቀቁ አወጧቸው። በኋላ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታዩ የታኘኩ ነገሮች ሆነው ተገኙ። የእንስሳ ሞራ፣ መራራ የዛፍ ሙጫ፣ ነጣ ያለ ዱቄትና የሰው ፀጉር ተለውሶ፣ የሰው አፍ ውስጥ ገብቶ፣ ታኝኮ፣ ተተፍቶ፣ ስንጥቁ ውስጥ የተወተፈ። የመንጋጋ ጥርስ ቅርጽ፣ የፊት ጥርስ መስመር፣ አንዳንዱ ላይ የምላስ ጀርባ ሳይቀር ታትሞ ይታያል። የአዋቂ ጥርስ አለ። ገና የወተት ጥርሱ ያልረገፈ ልጅ ጥርስም አለ። በማዕከሉ ያሉ ሠራተኞች በቀልድ ጉርሻ አሏቸውና ስሙ ጸና።

ትርሲት ግን አንድ ቀን እንኳ አልለመደቻቸውም። መሳቢያው በተከፈተ ቁጥር የከረመ ሞራና ያልታጠበ አፍ ሽታ ይወጣል፤ ያ ሁሉ ዘመን አልፎም ሽታው ገና ትናንት ከሰው አፍ የወጣ ይመስል ሙቀት ነበረው። በመቆንጠጫ ስታነሳቸው በጓንቱ ላይ ወዝ ይተዋሉ። አንዱን በምላጭ ስትሰነጥቀው በውስጡ የተጠመጠመ ረጅም ፀጉር አገኘች፤ ቀስ ብላ ስትስበው አላልቅ አለ። ከጉሮሮዋ እየሳበች ያለች መስሏት ቆም ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ፕሮፌሰር ሲራክ በዚህ ይስቁባት ነበር፤ ስድብ በሌለው ሳቅ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ቀጭን ረጅም ሰው ናቸው። ንጽሕናቸው በማዕከሉ የታወቀ ነው። መሐረባቸው ይተኮሳል። ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ አይበሉም፣ ሰው ሊያጎርሳቸው ሲል አፋቸውን በእጃቸው ጋርደው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ከእነዚያ ጥቋቁር ነገሮች ፊት ሲቀመጡ ግን ጓንት እንኳ አያደርጉም ነበር። በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መብራቱ ከፍ ያደርጉና እንደ ዕንቁ ያገላብጡታል።

የመጀመሪያውን ቁም ነገር ያገኘችው ትርሲት ናት። ጉርሻዎቹ ላይ ከጥርስ ምልክት ሌላ የጣት አሻራ ነበረ። አሻራውንና ጥርሱን ስታስተያይ ያኘከውና በጣቱ የያዘው ሰው አንድ አልሆን አለ። ትልቅ ጣት ያለው ሰው ይዞታል፣ ትንሽ ጥርስ ያለው ሰው አኝኮታል፤ የልጅ ጣት ይዞታል፣ ያረጀ ጥርስ አኝኮታል። የቀልዱ ስም እውነት ሆነ፤ አንዱ ሌላውን አጉርሷል። ይህን ስትነግራቸው የፕሮፌሰሩ ዓይን እንባ አቀረረ። ፍቅር ማለት ይኸው ነው አሉ፤ በዚያ ዘመን ሰው ለሰው አፍ ሲያስብ በእጃችን ይዘን እያየን ነው ብለው ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ።

እሷ ግን ደስታው አልተጋባባትም። የአውራ ጣቱ ጉድጓድ እጅግ ጥልቅ ነበር። ሰው በፍቅር ሲያጎርስ እንዲያ አይጫንም። የፊት ጥርሶቹም ምልክት የሚያኝክ ሰው ምልክት አይደለም፤ አፉን ግጥም አድርጎ አላስገባም ያለ፣ ከዚያ የተሸነፈ ሰው ምልክት ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ጉርሻ ውስጥ ተሰክቶ የቀረ ነገር አወጣች። የአሳ ቅርፊት መስሏት ነበር። አጉልታ ስታየው ከሥሩ ተገንጥሎ የወጣ የሰው ጥፍር ሆነ፤ ከሥሩ ጥቁር ነገር ደርቆበታል።

ፕሮፌሰሩ ጥፍሩን ከመብራቱ ሥር አገላብጠው አዩት። ከዚያ ተነሥተው ከወዲያኛው መደርደሪያ የአጥንት ትሪዎቹን አመጡ። ከዋሻው ወለል፣ ጉርሻዎቹ ከመጀመራቸው በፊት በነበረው የታችኛው አፈር የሰው አጥንት ተገኝቶ ነበር፤ እንደ ሚዳቋው አጥንት ጅማቱ በስለት የተበጠሰ፣ እንደ ሚዳቋው አጥንት መቅኔው ተሰብሮ የተመጠጠ። ጉርሻዎቹ መወተፍ ከጀመሩበት ዘመን ወዲህ ባለው አፈር ግን አንድም የሰው አጥንት የለም።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን አስረዷት። እነዚህ ሰዎች ሰው ይበሉ ነበር፤ እርስ በርሳቸው። አንድ ቀን አንዳቸው ራሱን ፈራ። ረሃቡ እንዳይመለስ መድኃኒት ፈለገ፤ መድኃኒቱም መጸየፍ ነው። በዓለም ላይ እጅግ አስጸያፊውን ነገር ለውሰው፣ ረሃቡ የመጣበትን ሰው ይዘው፣ መንጋጋውን ፈልቅቀው ያጎርሱታል፤ ምራቁ እስኪመር፣ አንጀቱ እስኪገለበጥ። አስተሳሰባቸው ይህ ነው ብለው አጥንቱን አስቀመጡት። «ራሳቸውን የፈሩ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ናቸው፣ ትርሲት» አሏት። «ከዚህ የበለጠ ሰው መሆን የለም።»

ግምት ብቻውን ግን ለሳይንስ አይበቃም፤ መሞከር ነበረበት። ፍልሰታ ገብቶ ትርሲት ትጾም ስለነበር ሞራ አፏ ውስጥ ማስገባቱ ከበዳት፤ እንደማትውጠው ለራሷ ነግራ ተቀበለች። ከማዕከሉ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከሰል አቀጣጥለው ሞራውን አቀለጡት። ሙጫውን ጨመሩ፣ የእንጨት አመድ ነሰነሱ፣ ትርሲት ከማበጠሪያዋ የለቀመችውን የራሷን ፀጉር በላዩ ጣለችበት። ጭሱ ዓይን ውስጥ እንደ በርበሬ ገባ። ሲበርድ ፕሮፌሰሩ በሁለት ጣታቸው ቆርሰው ጠቀለሉና ለእሷ ሰጧት፤ ለራሳቸውም ያዙ።

አፏ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ቅባቱ ድዷን ሸፈነው። ቀጥሎ ምሬቱ መጣ፤ ከምላስ ሥር ተነሥቶ እስከ ጆሮ የሚደርስ ምሬት። ባኘከች ቁጥር ፀጉሩ በጥርሶቿ መካከል ክርር ይላል፤ አመዱ አሸዋ ሆኖ ይንቀጫቀጫል፤ የሞቀው ሞራ እየለሰለሰ፣ እያበጠ፣ የገዛ ምላሷን እያኘከች ያለች እስኪመስላት ድረስ ሥጋ ሆነ። ዓይኗ እንባ አወረደ። ልትተፋው ስትል ፕሮፌሰሩ በእጃቸው ቆይ አሏት፤ እሳቸውም ፊታቸው ጠቁሮ፣ አንገታቸው ላይ ጅማት ተገትሮ ያኝኩ ነበር። በመጨረሻ ቦዩ ጋ ሮጣ በጉልበቷ ወደቀች፤ የወጣው ጠዋት የጠጣችው ውሃ ብቻ ቢሆንም ማስመለሱ አልቆም አላት።

መድኃኒቱ ግን ሠራ። ጾሙ ተፈትቶ ታላቅ እህቷ ፋናዬ የቅርጫ ሥጋ ሳሎን ወለል ላይ ዘርግታ ስትመትር ትርሲት በሩ ላይ ቀረች። ስቡ ገና ይርገበገባል፤ ከሽንጡ ቀጭን ቀይ ውሃ በፕላስቲኩ ላይ እየተንኳለለ ወደ እህቷ እግር ይሄዳል። አፏ ውስጥ ያ ምሬት ራሱን ደገመ። እህቷ ታምመሻል ወይ ብላ ግንባሯን በዚያ በወዛ እጇ ስትነካት ልብሷን ሳትቀይር ወጥታ ታክሲ ያዘች። ፕሮፌሰሩም በሥጋ ቤት ደጅ ፊታቸውን አዙረው እንደሚያልፉ በደስታ ነገሯት።

በነጋታው ግን አመዱ ልክ አይደለም አሉ። የላይኛዎቹን ጉርሻዎች፣ የመጨረሻዎቹን ማለታቸው ነው፣ አጉልተው እንዳዩዋቸውና ነጩ ዱቄት ከእንጨት አመድ የተለየ፣ የላመ እንደሆነ ገለጹላት። እንዲያውም በማግስቱ ራሳቸው አዘጋጅተው መጡ። ዱቄቱ ምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው የተቃጠለ አጥንት ነው ብለው አለፉት፤ የበሬ ነው ብላ አሰበች። ሌላ ነገር ለማሰብ ምክንያት አልነበራትም።

ይኛው እንደ ፊተኛው አልነበረም። ምሬቱ አለ፣ ፀጉሩም አለ፣ ከሥሩ ግን ጨው ጨው የሚል፣ ትንሽ ወተት ወተት የሚል ነገር መጣ። አንገሸገሻት እንጂ አላስመለሳትም። ከሰዓት በኋላ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ሳለች ጠረጴዛው ላይ ጠብ ያለ ነገር አየች፤ ጣሪያው ያፈሰሰ መስሏት ቀና ስትል ከአገጯ የተንጠለጠለ ምራቅ ነበር። ያን ዕለት አፏን በሳሙና አጠበችው፤ እንደ ልብስ፣ በጣቷ እያሸች።

ከዚያ ወዲህ ፕሮፌሰሩ ከፎቅ ቢሯቸው ጠረጴዛቸውን አስወርደው እዚያው ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ ከአጥንቶቹ መደርደሪያ ጀርባ አደረጉት። ሥራ በዝቷል አሉ። መሐረባቸው መተኮሱ ቀረ፤ ቀጥሎ መታጠቡም ቀረ፤ ከኪሳቸው ሲወጣ ቡናማና የደረቀ ነበር፣ ይንኮሻኮሻል። ሲያናግሯት ራቅ ብላ መቆም ጀመረች፤ ትንፋሻቸው የመሳቢያው ሽታ ሆኖ ነበር። ክረምቱ ገፍቶ መብራት በየቀኑ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ እሷ ባለችበት ትቀመጣለች፣ እሳቸውም ከመደርደሪያው ጀርባ ናቸው፤ ከዚያ በጨለማው ውስጥ፣ ከዝናቡ ድምፅ ሥር፣ አንድ ትንሽ ድምፅ ትሰማለች። ሕፃን በበዓል ቀን አጥንት ሲሰጡት የሚያሰማው ዓይነት ነው፤ መምጠጥ፣ ትንሽ ማረፍ፣ መልሶ መምጠጥ። የቧንቧው ውሃ ነው ብላ ራሷን ታሳምናለች። መብራቱ ሲመጣ ድምፁ ይቆማል፤ ቧንቧው ግን ማንቋረሩን ይቀጥላል።

አንድ ቀን ለመለካት ከትሪው አንዱን አጥንት ስታነሳ ረጥቦ አገኘችው። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ደረቅ ነው። ካርቶኖቹም ደረቅ ናቸው። የረጠበው አጥንቱ ብቻ ነበር፤ እርጥበቱም እንደ ውሃ አይፈስም፣ ይሳባል፤ ከጓንቷ ጋር ቀጭን ክር ሆኖ ተነሣ። ጫፉ፣ በፊት ስታውቀው ሻካራ የነበረው፣ እንደ ተመጠጠ ከረሜላ ለስልሶ፣ ሹል ሆኖ ነበር። ወደ አፍንጫዋ ማስጠጋት አልፈለገችም፤ እጇ ግን አስጠጋው። የሰው ምራቅ ሽታ ነው። አጥንቱን መልሳ ጓንቷን አወለቀች፣ ወደ ቆሻሻ መጣያው ጣለች፤ ወጥታ ፀሐይ ላይ ብዙ ቆመች። ለማንም አልተናገረችም፤ ምን ብላ ትናገራለች?

ሥራ ይሻላል ብላ ሥራዋ ውስጥ ገባች። ጉርሻዎቹን ስንጥቁ ውስጥ በነበሩበት ተራ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደረቻቸው፤ እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ከታች፣ የኋለኞቹ ከላይ ናቸው። በየአንዳንዱ ላይ የማን ጣት፣ የማን ጥርስ እንደሆነ እያስተያየች ወደ ላይ ወጣች። ከታች ብዙ ሰው ነበር። ወፍራም ጣት፣ ቀጭን ጣት፣ አንጓው የተጣመመ ጣት፣ የልጅ ጣት። ወደ ላይ ስትሄድ የልጆቹ ጥርስ ቀድሞ ጠፋ። ቀጥሎ ያረጁት ጠፉ። ጣቶቹ እያነሱ፣ እያነሱ ሄዱ። ከላይኛው ጫፍ ያሉት ሁሉ የአንድ ሰው ነበሩ፤ ጣቱም የዚያ ሰው፣ ጥርሱም የዚያ ሰው። ራሱን እያጎረሰ ነበር። በእነዚህ ላይ የመታገል ምልክት የለም፤ የፊት ጥርሱ በስሱ ነክቶታል፤ ጉርሻውም በደንብ ላመ እስኪባል ታኝኳል፤ ሰው የሚጣፍጠውን ነገር ቶሎ እንዳያልቅበት እያስታመመ እንደሚያኝከው።

ላቦራቶሪ የላከችው የዱቄቱ ናሙና ውጤትም በዚያው ሳምንት መጣ። የኬሚስትሪ ባለሙያዋ መቅደላዊት ከምሳ በኋላ ደውላ፣ ዝናቡ ስልኩን እየቆራረጠው፣ ነገሩን በሥርዓት አስረዳቻት። ከታች ያሉት ጉርሻዎች ውስጥ ያለው የእንጨት አመድ ነው። ከመካከል ጀምሮ አመዱ እየቀነሰ ሌላ ነገር ይተካዋል። ከላይ ያሉት ውስጥ አመድ የሚባል የለም፤ ተቃጥሎ የተፈጨ አጥንት ነው። የምን አጥንት እንደሆነም ታውቋል፤ የሰው ነው።

ትርሲት ላይኛው ኮሪደር ላይ ሆና ስልኩን ዘጋች። ከጉርሻዎቹ ዘመን ወዲህ የሰው አጥንት በአፈሩ ውስጥ ያልተገኘው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። መብላቱን አልተዉም። አጥንቱንም ሳያስቀሩ መብላት ጀመሩ እንጂ። ሊጸየፉት የለወሱትን ነገር ምላሳቸው ለመደው፤ ከለመደው በኋላ ወደደው፤ መድኃኒቱ ራሱ ምግብ ሆነ። ፕሮፌሰሩም ይህን ያውቁ ነበር፤ የላይኞቹን ዱቄት አይተው ነው ያንን ያዘጋጁት። ከየት እንዳመጡት ለመጠየቅ አላስፈለጋትም። ትሪዎቹ ከወንበሯ ክንድ ርቀት ላይ ነበሩ፤ እሷም ያን ቀን አኝካለች፣ ያ ጨው ጨው ያለው ነገር ምን እንደነበር አሁን ሆዷ አወቀው። ግድግዳውን ይዛ አጎነበሰች፤ ምንም አልወጣም።

ሰማዩ ከብዶ ከሰዓት በኋላው ሳያልቅ ጨልሞ ነበር። መብራት እንደገና ጠፍቷል። የስልኳን መብራት አብርታ ደረጃውን ወረደች፤ የብረቱ በር ገርበብ ብሏል። ያ ድምፅ ገና ከበሩ ተሰማት፤ አሁን አልተደበቀም፣ በሷ መምጣትም አላቋረጠም። በመደርደሪያዎቹ መካከል ስታልፍ ጫማዋ ሥር የተፈጨ ነገር ይንቀጫቀጫል። ትሪዎቹ መሬት ላይ ናቸው፣ ባዶ። ፕሮፌሰር ሲራክ ከጠረጴዛቸው ሥር፣ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል። አንድ ጉንጫቸው ተነፍቷል። መብራቱን ፊታቸው ላይ ስታደርግ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። አገጫቸውና የሸሚዛቸው ደረት ርሶ ያብለጨልጫል፤ በከንፈራቸው ጥግ የጸጉር ጫፍ ወጥቷል፤ ሲያኝኩ ይገባል፣ ሲያርፉ ይወጣል።

«ፕሮፌሰር» አለቻቸው።

አፋቸው ውስጥ ያለውን በምላሳቸው ወደ ሌላው ጉንጫቸው አሻገሩት።

«መጀመሪያ ላይ ሐሳባቸውን ለማወቅ ብቻ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ረጋ ያለ፣ የክፍል ውስጥ ድምፃቸው ነበር። «አሁን አውቄዋለሁ፣ ልጄ። ሐሳብ እንኳ አይደለም። ትናንት ዘበኛው በር ሲከፍትልኝ እጁን ጨበጥኩት። መልቀቅ አቃተኝ።» ትንሽ አኘኩ። «እንደነሱ አድርጊ። ያዢኝ።»

ከመደርደሪያው ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ትራፊ፣ የእንጨት አመድ ያለበት፣ መራራው፣ በጠርሙስ ተከድኖ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ከፈተችው። በባዶ እጇ ጨብጣ አወጣች፤ በጣቶቿ መካከል ሻግቶ ይዝለገለጋል። ተንበርክካ የፕሮፌሰሩን መንጋጋ ያዘች፤ ያልተላጨ ጢማቸው ረጥቦ መዳፏ ላይ ተለጠፈ። አፋቸውን ገጠሙ። ራሳቸው ያዢኝ ያሉት ሰው አሁን በሙሉ ኃይላቸው ይታገሏት ጀመር፣ ከጉሮሯቸው የሚያጉረመርም ድምፅ እየወጣ። በአውራ ጣቷ የከንፈራቸውን ጥግ ፈልቅቃ ገባች። የአፋቸው ውስጥ ሞቃት ነው፤ ከሚገባው በላይ ሞቃት። የነበረውን ነገር በጣቷ ጠርጋ አወጣችው፣ ወለሉ ላይ ጥፍ ብሎ ወደቀ፤ ምን እንደሆነ አላየችም። መራራውን አስገብታ በአውራ ጣቷ እስከ ምላሳቸው ሥር ገፋችው።

«በሞቴ» አለች፤ ቃሉ ከየት እንደመጣባት አታውቅም። «በሞቴ ይቀበሉኝ።»

ነከሷት። ጥርሳቸው በጣቷ ሥጋ ውስጥ አልፎ አጥንቷን ሲያገኝ ተሰማት፤ አልጮኸችም፣ እጇንም አላወጣችም። ፊታቸው እንደዚያ ተጠጋግቶ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ቆዩ። ከዚያ ቀስ በቀስ መንጋጋቸው ላላ። ምሬቱ ደረሳቸው። ቅንድባቸው ተሰበሰበ፣ አፍንጫቸው ተጨማደደ፤ ያ ለስንት ጊዜ ያላየችው የመጸየፍ ገጽ ተመልሶ ፊታቸው ላይ ሲዘረጋ አየችው፣ እንደ ደግ ነገር። በጎናቸው ተደፍተው ያስመልሱ ጀመር፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ብዙ። ሲጨርሱ በእጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ተመስገን፣ ተመስገን ይላሉ። ሽታው አስጠላኝ ብለው እንደ ሕፃን ደስ እያላቸው ደጋግመው ነገሯት።

ጋዋኗን አውልቃ አለበሰቻቸው፤ ሰው ጠርቼ እመጣለሁ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ ይህ ቦታ ይዘጋል አለቻቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሠርቷል ማለት ነው፤ ከታች ያሉት፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች፣ ልክ ነበሩ። በቶሎ፣ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ይሠራል። ደረጃውን ስትወጣ ልቧ እየረጋ ነበር። ቀኝ እጇን ከልብሷ አርቃ፣ ወደ ፊት ዘርግታ ያዘችው፤ እስከ አንጓዋ ድረስ በምራቃቸው፣ በሻገተው ሞራና ከተነከሰው ጣቷ በሚወርደው ደም ተለውሷል። ለሐኪሙ ምን እንደምትል፣ ለፋናዬ ምን እንደምትል፣ የዋሻው ስንጥቅ ተመልሶ መደፈን እንዳለበት እያሰበች ረጅሙን ኮሪደር ሄደች፤ ዝናቡ አባርቶ በመስኮቱ ቀጭን ብርሃን ይገባል። የሚያንገሸግሻት ነገር አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለች ጠበቀችው፤ ዘገየባት፤ ደክሟት ነው።

መታጠቢያ ክፍሉ ገብታ ቧንቧውን በግራ እጇ ከፍታ ቀኝ እጇን ወደ ውሃው ስትዘረጋ ግን የሚታጠብ ነገር አላገኘችም፤ የጣቷ ቁስል እንደ ተመጠጠ አጥንት ነጥቶ አፉን ከፍቷል፣ ጣቶቿም እስከ ጥፍራቸው ሥር ድረስ ንጹህ ነበሩ።